ጓጉንቸሩን ማን ቀየረው?

ሰኔ 12

ጋሼ፣

ቁልፉ አልገባም። ነገር ሁሉ የተበላሸው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ስለዚህ ሰላምታዬን ወደ ኋላ ላድርገውና ከእሷ ልጀምር።

ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ካላይ በኩል ጠቁሮ መጣ፤ ነፋሱ ቀዝቅዞ የጥላ መረቦቹን ማርገብገብ ጀመረ። የመጀመሪያው ነጎድጓድ እንደተሰማ ፊሽካዬን ነፋሁ። ከክረምቱ በፊት እንደተለማመድነው ሁሉም የያዘውን ጣለ፤ ባልዲውንም ጋሪውንም። ወደ ጡቡ መጋዘን ሮጥን። በዚያ የችግኝ ግቢ ውስጥ ግድግዳውም ጣሪያውም የሚታመን ቤት እሱ ብቻ መሆኑን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ያሠሩት እርስዎ ነዎት። የማሸጊያው ዳስ ዙሪያውን ክፍት ነው። የመስታወቱ ቤት በረዶ በመጣ ሰዓት በሰው ጭንቅላት ላይ የሚፈርስ ስለት ነው። ዛፍ ሥር መቆም ደግሞ መብረቁን በስሙ እንደመጥራት ነው።

ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ከተትኩት፤ እምቢ አለ። ገልብጬ ሞከርኩት፤ አሁንም እምቢ። ከዚያ ነው ዓይኔ የተገለጠው፤ ጓጉንቸሩ አዲስ ነበር። ዝገት ያልነካው፣ የሱቅ ቅባቱ ገና ያልደረቀ፣ የእኔን ቁልፍ የማያውቅ ጓጉንቸር።

"አንቺ ልጅ፣ ቁልፍ ነው የያዝሽው ወይስ ክታብ? ክፈቺው እንጂ!" አለችኝ እትዬ ምላጭ።

ያውቋታል፤ ብርቱካኑን በሎሚው ግንድ ላይ የምታዳቅልልን ሴት። ስሟን ከምላጯ ታግኘው ከምላሷ ማንም እርግጠኛ አይደለም።

በረዶው ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሽምብራ፣ ወዲያው እንደ እርግብ እንቁላል። ግማሹ ሰው ወደ መስታወቱ ቤት ሮጠ፤ "እዚያ አትግቡ!" ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄን በረዶው ዋጠው። እኔ ጓጉንቸሩን የምሰብርበት ድንጋይ ፍለጋ ወደ ኋላ ሄድኩ። እትዬ ምላጭ "ተይ፣ ለእኔ ተይው" ብላ ጓጉንቸሩን በቀኝ እጇ ይዛ ታነቃንቅ ጀመር። መብረቁ የውሃ ጋኑን የተሸከመውን ብረት መታው። የሽቦው አጥር ከዚያ ብረት ተነስቶ የመጋዘኑ በር መቃን ላይ ነው የሚታሰረው። ነጭ ሆነ፣ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ፤ ዓይኔን ስገልጥ እትዬ ምላጭ በሩ ሥር ወድቃለች።

"አትንኪያት! ይነዝርሻል!" አሉ ከኋላዬ። መብረቅ የመታው ሰው አይነዝርም፤ ይህን እስከዚያ ቀን የማውቀው ከመጽሐፍ ነበር። ትንፋሽ አልነበራትም። ደረቷን መጫን ጀመርኩ። ውሃ አጠጪው መጣና በረዶው እንዳይፈነክተኝ ባልዲውን ራሴ ላይ ደፍቶ ያዘልኝ። እሱ ራሱ ባዶ ራሱን ነበር። መጨረሻ ላይ ትንፋሿ ተመልሶ ሳለች፤ ቀጥሎ ተሳደበች። እንደዚያ ያማረ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ተርፋለች። የግራ ጆሮዋ ታምቡር ፈንድቷል፤ ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከመስታወቱ ቤት የወጡት ሁለት የማሸጊያ ሴቶች ጭንቅላታቸው ተሰፍቷል።

አማችዎ፣ ተቆጣጣሪያችን፣ ሠራተኛው በጠራራ ፀሐይም ጃንጥላ ስለማይለየው "ጃንጥላው" የሚለው፣ በዚያን ቀን ከምሳ በፊት ወጥቶ ሄዷል። ስጠይቀው "ጋሼን ጠይቂ" አለኝ። እነሆ እጠይቃለሁ፤ ጓጉንቸሩን ማን ቀየረው?

እንደምን ከርመዋል? እናቴ ሰላም ትልዎታለች።

የእህትዎ ልጅ

*

ሐምሌ 2

ለተወደድሽውና ለምኮራብሽ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ዕድሜሽ እንደ ወንዝ ዳር ዛፍ ይለምልም፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይጽደቅ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ እጅግ አዘንኩ። ብቻ ከእኛ ሰው ማንም ያልተጎዳ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ተመስገን ማለት ይገባል።

ያልጻፍሽልኝ ግን ብዙ ነው። የብርቱካኑ መደብ እንዴት ሆነ? መረቡ ተዘርግቶ ነበር ወይ? የመስታወቱ ቤት ከየትኛው ጎን ነው የተሰበረው? መስታወቱን እንዴት አድርጌ እንዳስመጣሁት አንቺ ልጅ ስለነበርሽ አታስታውሺም። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ መደቦቹን ከላይ፣ ከዚያ ጠጋ ብለሽ ግንዳቸውን።

ሴትዮዋን በተመለከተ፣ እግዜር ይማራት፤ ግን ደግሞ አዋቂ ሰው ናት። በመብረቅ ሰዓት ብረት ጨብጦ መቆም ምን የሚሉት ነው? ይህን ለማወቅ እኮ መማር አያስፈልግም።

እዚህ በሰው አገርም ሰማዩ አላስወጣ አላስገባ ብሏል። እኔ ያው ከአውሮፕላን ሆድ ሻንጣ ማውረድና መጫን ነው ሥራዬ። ከትናንት በስቲያ መብረቅ ቀረበና ቀዩ መብራት በራ። ቀዩ ሲበራ ሻንጣውን ከነጋሪው ሜዳ ላይ ጥሎ ወደ ውስጥ መግባት ግዴታ ነው። አውሮፕላኑ ሰው እንደሞላ ቆመ፤ እኛ ሻይ እየጠጣን ካርታ ስንጫወት ቆየን። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቃም ቢሆን ውጡ አይለንም። መቀመጡ ሰለቸኝ፤ ወገቤ ግን አረፈልኝ።

አማቼን እርጂው። ብቻውን ነው፤ ሸክሙ በዝቶበታል። ለእናትሽ ጉልበቷን በሙቅ ውሃ ትሽው በያት።

አጎትሽ

*

ሐምሌ 9

ጋሼ፣

ወገብዎን ይማርልዎ። ከልቤ ነው የምለው። እናቴ ጉልበቷን በሙቅ ውሃ ታሻለች፤ አመስግኚልኝ ብላለች።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ መረብ አለበት፣ ስለ መስታወት አለበት፣ ስለ ግንድ አለበት። ጓጉንቸር የሚል ቃል ግን ፈልጌ አጣሁ። የጠየቅኩዎት አንድ ጥያቄ እሱ ነበር።

"ከእኛ ሰው ማንም አልተጎዳም" ብለዋል። እትዬ ምላጭ የማን ሰው ናት? እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ከዚያ ግቢ የወጣ ብርቱካን ሁሉ በእጇ ያለፈ ነው። የትም ሰፈር ቢሄዱ የእሷ ጣት የገጠመው ዛፍ ጥላ ሥር ሰው ተቀምጦ ያገኛሉ። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄድኩ። የሎሚ ግንድና ምላጬን አምጪልኝ አለች። አመጣሁላት። በግራ እጇ ግንዱን ያዘች፣ በቀኟ ምላጩን አስጠጋች፤ ጫፉ እንደ ዝንብ ክንፍ ይርገበገባል። አውራ ጣቷን ቆረጠችው። ደሙን መጠጠችና ምላጩን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

"ለጃንጥላው ስጪልኝ፤ ጺሙን ይላጭበት" አለች።

"እትዬ፣ ይሻልሻል እኮ፤ ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል ብሏል።"

"ወዲህ ዙሪና ተናገሪ፤ በግራዬ አልሰማም። ጃንጥላው ሊጠይቀኝ ከመጣ ግን በግራዬ በኩል አስቀምጪልኝ።"

ስቄ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ አለቀስኩ።

"ብረት ለምን ያዘች?" ብለው ጠይቀዋል። ብረቱ በሩ ላይ ስለተንጠለጠለ ነዋ! በሩ ቢከፈት ኖሮ ውስጥ ገብታ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጣ እኔን ትሳደብ ነበር።

ሌላም ነገር ይወቁ። ሠራተኛው ሁሉ የቆለፍኩት እኔ እንደሆንኩ ያምናል። እንዴት አያምን? ቁልፉ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያየው የእኔ ነው። አማችዎ ደግሞ "እኔ እንጃ፣ ቁልፍ ያዥዋ እሷ ናት" እያለ ይዞራል። ያ ባልዲ የደፋልኝ ውሃ አጠጪ አሁን "ደህና ዋልክ" ስለው ለቧንቧው ይመልሳል እንጂ ለእኔ አይመልስም። ትናንት የማሸጊያ ሴቶች መኖሬን ሳያውቁ "የተማረች ናት ብለው ቁልፍ ሰጧት፤ እሷ የአንገት ጌጥ አደረገችው" ሲሉ ሰማኋቸው። ጭንቅላታቸው ከተሰፋላቸው አንዷ ናት ያለችው። ምን ብዬ ልመልስላት? ጓጉንቸሩ እኮ እስከ ዛሬ በሩ ላይ አለ፤ ሰማዩ በየቀኑ እየጠቆረ ነው።

አሁን ስለ ቀዩ መብራትዎ። ጥሩ ሕግ ነው፤ እሰየው። የሰው ሻንጣ ይቆይ፤ የእርስዎ ነፍስ ትቅደም ተብሏል። እኔም በግቢው ያወጣሁት ሕግ እሱኑ ነው። ነጎድጓድ ሲሰማ ጥለህ ግባ፣ ከሽቦና ከቧንቧ ራቅ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትውጣ። ቃል በቃል አንድ ነው፤ የእኔ መብራት የለውም እንጂ። ታዲያ ለእርስዎ ወገብ የሚበራው መብራት እዚህ ለእነሱ ነፍስ ሲሆን ለምን ጠፋ?

ጓጉንቸሩን ማን ቀየረው?

የእህትዎ ልጅ

*

ሐምሌ 24

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ለመመለስ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ቃልሽ ከብዶኝ ነው። በረዶ እንኳ ይቀልጣል። አንቺ ለአጎትሽ የጻፍሽው አልቀለጠልኝም።

ደሜን አላፈላም፤ አረጋግቼ ልንገርሽ። ያለፈው አልፏል። አሁን የሚያስፈልገው ግቢው እንዳይበተን ነው። አማቼ የሦስት ልጆች አባት ነው። ሠራተኛው ከጠመደው ነገ ማን ይታዘዝለታል? አንቺ ደግሞ ወጣት ነሽ። "ጓጉንቸሩን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ፤ አዲሱን ቁልፍ ቤት ረስቼው መጣሁ" በያቸው። አንድ ቃል ናት። "ልጅ ናት፣ ረሳች" ይሉና ያልፋሉ። ለእሱ ግን አያልፉለትም። የቤተሰብ ገመና እቤት ሲቀር ነው የሚያምረው።

ለአንቺም ያሰብኩት ነገር አለ። እዚህ መጥተሽ ትምህርትሽን የምትቀጥይበትን ጉዳይ ጀምሬዋለሁ። ሁለተኛ ዲግሪሽን ትይዣለሽ፤ ከዚያ የጭቃ ግቢ ትገላገያለሽ። እስከዚያው ነገር አታባብሺ። እስከዚህ ያስተማረሽ ማን እንደሆነም አትርሺ።

የመደቦቹ ፎቶ አልደረሰኝም። መረቡ ከአሁን በኋላ ደመና ሲታይ ይዘርጋ፤ ነጎድጓድ አይጠበቅ።

እናትሽን በዚህ አታስጨንቂያት።

አጎትሽ

*

ሐምሌ 30

ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ወደ አማችዎ ሄድኩ። የተሰበረውን መስታወት ሴቶቹን እያስለቀመ፣ እሱ ጃንጥላውን ተመርኩዞ ቆሟል። ሴቶቹን ራቅ አደረግኋቸውና እንዲህ ተባባልን። አንድም ቃል አልጨመርኩም።

"ወንድሜ፣ ጓጉንቸሩን ማን ቀየረው?"

"አሁንም እሱ ላይ ነሽ? ሰው ተረፈ እኮ፤ አልበቃሽም?"

"አልበቃኝም።"

"እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት።"

"ማነው ያዘዘህ?"

"አንቺ ደግሞ! እንደማታውቂ!"

"ካፍህ ልስማው።"

ጃንጥላውን ከፈተው። ዝናብ አልነበረም።

"ጋሼ ደወሉ። 'ፊሽካ ሲነፋ ሰዉ ሁሉ እየተደበቀ መደቡ ባዶ ይቀራል አሉኝ፤ እውነት ነው?' አሉ። እውነት ነው አልኳቸው። 'እንግዲያው ጓጉንቸሩን ቀይረው፤ ደመና በከበደ ቀን ቆልፈህ ያዘው። መደበቂያ ካጡ መረቡን ይዘረጋሉ' አሉ። ቁልፉን ለእሷ ልስጣት ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ውሸት አልናገርም። 'ለእሷማ እንዳትሰጥ፣ ሆዷ ይባባል' አሉኝ።"

"አንተስ በዚያን ቀን ለምን ቀድመህ ሄድክ? መረቡን ለምን አልዘረጋህም?"

መሬት መሬት አየ። ጃንጥላውን መልሶ አጠፈና፣ "እኔ ነጎድጓድ አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው" አለኝ።

ጋሼ፣ አልሳቅኩም። የሚፈራው ሰው ቆልፎ ቤቱ ገባ፤ የማይፈሩት በረዶ ላይ ቀሩ። እሱም ሰው ነው፤ መፍራቱን አልጠላበትም። የፈራውን ነገር ለሌላው መስጠቱን ነው።

እና እርስዎ ይህን ሁሉ እያወቁ "ረሳሁት በይ" አሉኝ። ሰኔ ላይ ስጠይቅዎት ያውቁ ነበር። ስለ መስታወቱ ሲጠይቁኝ ያውቁ ነበር። "ብረት ለምን ያዘች" ብለው ሲጽፉ ያንን ብረት ማን እንዳንጠለጠለው ያውቁ ነበር!

አልረሳሁም። ስለዚህ ረሳሁ አልልም። በሁለተኛ ዲግሪም አልልም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አልክድም፤ ግን ያስተማሩኝ ለዚህ ከሆነ ገና ፊደል ሳልቆጥር ቢነግሩኝ ኖሮ አልለፋም ነበር።

ለሠራተኛው እውነቱ ይነገራል። እንዲቀድሙኝ ግን ዕድል ልስጥዎት። በሚቀጥለው ሳምንት በምሳ ሰዓት ይደውሉ። ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ መሐላቸው አስቀምጠዋለሁ፤ "ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ ጓጉንቸሩ ዛሬ ይነሳ" ይበሏቸው። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

የእህትዎ ልጅ

*

ነሐሴ 8

ልጄ፣

እኔ ነኝ። አዎ፣ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ።

ስልኩን ይዤ ምሳ ሰዓታችሁን ጠበቅኩ፤ ቁጥርሽንም ነካሁት፤ ከዚያ ዘጋሁት። አንደበቴ እሺ አላለኝም።

እናትሽ ነግራሽ እንደሆነ አላውቅም። ግቢውን በከፈትኩበት ዓመት በረዶ መጥቶ ከመደቡ ላይ ቅጠል ሳይቀር ጠረገው። ቁጭ ብዬ ጭቃውን አየሁ። በዓመቱ ደመናው በመጣ ጊዜ ብቻዬን መረቡን በሁለት እጄ ወጥሬ ቆምኩ። ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። ችግኙ ተረፈ። አንቺም በዚያ ችግኝ ተማርሽ። እኔ ቆሜ አልሞትኩም፤ ስለዚህ ሰው የሚሞት አልመሰለኝም።

የሰው ሻንጣ የምሸከመው እስከ መቃብር አይደለም፤ ወደዚያ ግቢ ልመለስ ነው። የበረዶ ወሬ በሰማሁ ቁጥር መመለሻዬ የሚቀጠቀጥ ይመስለኛል። ይህን አንቺ በወጣትነትሽ አትረጂውም።

አሁንም ልለምንሽ። ለሠራተኛው አትናገሪ። ጓጉንቸሩም የብርቱካኑ ግንድ እስኪጠነክር፣ ይህ ክረምት እስኪያልፍ ብቻ ይቆይ። ሲያልፍ እኔው ራሴ አንሱት እላለሁ። ለእናትሽም እንዳትነግሪያት፤ እሷ ፊት መውደቅ አልችልም።

አጎትሽ

*

ነሐሴ 19

ጋሼ፣

ጠባሳዎን አስታውሰዋለሁ። ልጅ ሆኜ በጣቴ ስነካው "ሰማይ ሳመኝ" ይሉኝ ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ብቻዎን በረዶ ላይ መቆምዎ አሳዝኖኛል፤ ያን ጊዜ አጠገብዎ የሚገቡበት ቤት አልነበረም። ቆይተው ቤቱን ሠሩ። ቀጥለው ቆለፉት። ሐዘኔ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

"ክረምቱ እስኪያልፍ ይቆይ" ያሉትን ባነበብኩ ማግስት በያጅ ጠራሁ። ጓጉንቸሩን ብቻ አይደለም፤ ጓጉንቸር የሚንጠለጠልበትን ብረት ከሥሩ አስቆረጥኩት። በምትኩ ከውስጥ መቀርቀሪያ አስገጠምኩ። የአጥሩን ሽቦም ከበሩ መቃን አስፈትቼ አራቅኩት። አሁን ያንን በር ከውጭ መቆለፍ የሚችል ሰው የለም፤ እርስዎም፣ አማችዎም፣ እኔም።

ሰዉን በሩ ፊት ሰበሰብኩ። "ያስቀየሩት አጎቴ ናቸው። የቆለፈው አማቻቸው ነው። ያሰቡት መረቡን እንድትዘረጉ ነበር። እኔ ቁልፍ ከከለከሏቸው አንዷ ነኝ" አልኳቸው። ስለ ቀዩ መብራትዎም ነገርኳቸው።  ያቺ ጭንቅላቷ የተሰፋላት የማሸጊያ ልጅ የተቆረጠውን ብረት ከመሬት አንስታ አገላብጣ አየችውና ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው። ውሃ አጠጪው ሰዉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀረ።

"ያ ባልዲ እኔ ዘንድ ነው" አለኝ።

"የትኛው?"

"የዚያን ቀኑ። ጎድጉዷል፤ ግን አላፈሰሰም።"

ከእሱ ይህ ይቅርታ ነው፤ ተቀበልኩት።

ከትናንት በስቲያ ሰማዩ መጣ። ከሰኔው የባሰ ነበር። ፊሽካዬን ነፋሁ፤ ሁሉም ገባ። እትዬ ምላጭም ነበረች። አሁን ለማሸጊያ ሴቶቹ ማዳቀል ታስተምራለች፤ "እጄ ቢንቀጠቀጥ አፌ አልተንቀጠቀጠ" ብላ ተመልሳለች። መቀርቀሪያውን ወረወርኩ። ከበሩና ከቧንቧው ራቅ ብለን ከረጢት ላይ ተቀመጥን። በረዶው ጣሪያውን ሲደበድበው መነጋገር የቻልነው በጩኸት ብቻ ነበር።

በሩ ተንኳኳ።

"ማነው?" አለ ውሃ አጠጪው።

"እኔ ነኝ! ክፈቱልኝ! በፈጠራችሁ ክፈቱልኝ!"

አማችዎ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ነጎድጓዱ ቀድሞት ነው።

"ቁልፉ ጠፍቶብናል በሉት" አለ ውሃ አጠጪው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እውነቴን ነው፣ ሳቁ ደስ አላለኝም፤ ከሳቁ ሥር ሌላ ነገር ነበር። ሁሉም እኔን አየኝ። እትዬ ምላጭ "ምን አለ ሰውዬው? በግራዬ ሆኖብኝ አልሰማሁትም" አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠና፣ "ክፈቺለት ልጄ። በሩ የተሠራው ለዚህ አይደል" አለችኝ።

ከፈትኩ። እንደ እንጨት ደርቆ፣ ጃንጥላውን አናቱ ላይ ይዞ ቆሟል።

"ጃንጥላህን ጥለህ ግባ!" አልኩት። "ጫፉ ብረት ነው።"

"ይበሰብስብኛል እኮ!"

"ሰውዬ፣ ግባ!"

ጣለው። ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። የማሸጊያዋ ልጅ የራሷን ሻሽ ፈትታ ሰጠችው፤ ፊቱን ጠረገ። ሻሿ ሲወርድ ስፌቷ ታየ። እሱም አየው። ከዚያ በኋላ ቀና አላለም።

በረዶው ሲያባራ አንዱ ሊወጣ ተነሳ። ውሃ አጠጪው በክንዱ ያዘውና፣ "ቁጭ በል፤ ቀዩ መብራት ገና አልጠፋም" አለው። ግማሽ ሰዓቱ እስኪሞላ ማንም አልተነሳም።

የብርቱካኑ መደብ አልቋል። ፎቶ ጠይቀውኝ ነበር፤ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ከላይም ጠጋ ብዬም አንስቼዋለሁ። መረቡ ተበጣጥሶ ቋሚዎቹ ተጣመዋል። እነዚያን ቋሚዎች የያዘ ሰው ቢኖር ምን ይሆን እንደነበር እርስዎ ይዩት። ሌላም ፎቶ አለ፤ ማታ ከግቢው ስንወጣ ያነሳሁት ነው። ሁሉም በእግሩ ነው የሚሄደው። እሱንም እንደ መደቦቹ ጠጋ ብለው ይዩልኝ።

ለእናቴ ነግሬያታለሁ።  "አንቱታሽን እንዳትተዪ፤ እውነትሽንም እንዳትተዪ" አለችኝ። ሁለቱንም አልተውኩም።

ከግቢው ሊያስወጡኝ ይችላሉ፤ ግቢው የእርስዎ ነው። የውጭውን ትምህርት ግን ይተዉልኝ፤ አልመጣም። እስካለሁ ድረስ ግን የማልቀበለውን ይወቁት። ደመና አይቶ ሰው ሳይሆን ችግኝ የሚቆጥር ትእዛዝ፣ ከየትም ይደወል፣ አልቀበልም። እርስዎ የሚያርፉበትን ግማሽ ሰዓት ለሌላው ስንፍና ነው ሲባል አልቀበልም። ያላጠፋሁትን ጥፋት ለቤተሰብ ስም ብዬ አልሸከምም። "ከእኛ ሰው ማንም አልተጎዳም" የሚለውን ቃል ደግሞ ዳግመኛ እንዳይጽፉልኝ።

ይቅርታዎንም በእኔ በኩል አልቀበልም። የእኔ አይደለም፤ የእትዬ ምላጭ ነው። ሲደፍሩ ይደውሉላት። ስልኩን በቀኝ ጆሮዋ ላይ እይዝላታለሁ።

የእህትዎ ልጅ